ሳያዩ የማያምኑት የባለቤቴ ወንድምና የተበጠሰው ካቴና

በዓለም ላይ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ሳያይ የማያምን አንድ ሰው አለው፤ የለንም የሚል ቤተሰብ ካለ በደንብ አልፈለገም ማለት ነው። ይህ ሰው ከውሸታም ጋር ጠብ የለውም፤ ጠቡ ከእርግጠኛ ሰው ጋር ነው። ዝናቡ አባራ ብትሉት መስኮት ይከፍታል፤ ውሃው ፈላ ብትሉት ክዳኑን ያነሣል፤ በሩን ቆልፌዋለሁ ብትሉት ከአልጋው ተነሥቶ እጀታውን ነቅንቆ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ብዙዎች “ነገረኛ” ይሉታል። ስሕተት ነው። ነገረኛ ነገር ይፈልጋል፤ ይህ ሰው የሚፈልገው ማስረጃ ነው። ቃልን በቦታው ማዋል ለሰው ስም እንደ መጠንቀቅ ስለሚቆጠር፣ እኛ “ተጠራጣሪ” እንበለው።

የእኛ ቤት ተጠራጣሪ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ባለቤቴ “ወንድም ጋሼ” ትላቸዋለች፤ ልጄ “ጋሼ” ብቻ ትላቸዋለች። እኔ ግን ከተጋባን ጀምሮ በልቤ “ክቡር አቶ አይተኸዋል” ስላቸው ኖሬአለሁ። ስሙን ያወጣሁላቸው ከአፋቸው ከማይጠፋው ጥያቄ ነው። ማንም ሰው ምንም ነገር ቢነግራቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው “አይተኸዋል?” ይላሉ። ለሴት “አይተሽዋል?”፣ ለብዙ ሰው “አይታችሁታል?” ይላሉ፤ በሰዋስው በኩል እንከን አይወጣላቸውም። ችግሩ መልሱ አለመጥቀሙ ነው። “አይቼዋለሁ” ያልኋቸው እንደ ሆነ “እስቲ እኔም ልየው” ብለው ይነሣሉ፤ “አላየሁትም” ያልኋቸው እንደ ሆነ ደግሞ “እንግዲያው አታውቀውም” ብለው ይቀመጣሉ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊ ነበሩ፤ ገብቷል የተባለን ዕቃ በእጃቸው ሳይነኩ ገባ ብለው አያውቁም። ለእኔም የተለየ አስተያየት አላደረጉልኝም። እህታቸውን ለማግባት በጠየቅሁ ጊዜ ሥራዬን ጠየቁኝ፤ መምህር ነኝ አልኋቸው። “እስቲ ልየው” አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። በማግስቱ ወደ ክፍል ስገባ ግን በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው አኑረው፣ ከተማሪዎቹ ጋር ተጣብበው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተማሪዎቼ ተቆጣጣሪ የመጣ ስለ መሰላቸው እንደዚያን ቀን ጸጥ ብለው አያውቁም። ደወሉ ሲደወል ወደ ሰሌዳው መጡ፤ የጻፍሁትን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ጠመኔውን በጣታቸው ነካ አድርገው አዩ።

“ጽሑፍህ ጥሩ ነው” አሉኝ፤ “ድምፅህ ግን ኋላ ድረስ አይሰማም።”

ይህ የጋብቻ ፈቃድ መሆኑን የተረዳሁት፣ ማታ የዛሬዋ ባለቤቴ እየሣቀች ስትነግረኝ ነው።

ልጃችን ስትወለድም ከእኔ ጋር ሆስፒታል ነበሩ። አዋላጇ በሩን ከፍታ “እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሴት ናት!” ስትል እኔ ዕንባዬ መጣ። እርሳቸው “አይተሻታል?” አሉ።

“አባባ፣ ያዋለድኳት እኔ ነኝ እኮ!”

“እሱ ሌላ ነገር ነው። እስቲ እኔም ልያት።”

አንድ ጊዜ ደግሞ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ዐረፈ ተብሎ ተነገረን። ባለቤቴ ስታለቅስ፣ እኔ ጥቁር ካፖርቴን ስፈልግ፣ አቶ አይተኸዋል ስልክ አነሡና ወደ ሟቹ ቤት ደወሉ። ሟቹ ራሱ አነሣው።

“አንተ ነህ?”

“አዎን፣ እኔ ነኝ።”

“ሞተሃል እየተባለ ነው።”

“ኧረ አልሞትኩም!”

“በምን አውቃለሁ?”

ሄደው አይተውት ተመለሱ። ያረፈው ለካ የሰውየው ሞክሼ ነበር።

ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ዘመድ መሆን እንደሚያደክም አልሸሽግም። ቤቴ ውስጥ የተናገርሁት ዐረፍተ ነገር ሁሉ ለፈተና ተቀምጧል። ብዙዎቹ አልፈዋል፤ ጥቂቶቹ ደግሞ በግልጽ ወድቀዋል። አሁን የማወጋችሁ ግን እኔና አንድ የተከበረ ባለሙያ አብረን ስለ ወደቅንበት ፈተና ነው። እንዲህ ያለ መውደቅ ምስጋና እንጂ ኀፍረት አያስከትልም።

ልጄ ዳቦ ቤት አላት። ማለዳ ትጋግርና ትኩሱን ዳቦ በአሮጌ የናፍጣ ቫኗ ጭና ለሆስፒታሉና ለትምህርት ቤቶች ታደርሳለች። ምድጃውም፣ ዱቄቱም፣ አብረዋት የሚጋግሩት ሴቶችም የሚተዳደሩት በዚያች ቫን ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ዳገቱን እየወጣች ሳለ ከኮፈኑ ሥር ኀይለኛ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ በጣሳ ውስጥ ብሎን እንደ ማናወጥ ያለ ኳኳታ መጣ፤ ከዚያ ሞተሩ ጸጥ አለ። ልጄ ወደ ቤት ደወለች። ስልኩን ያነሡት፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ ወንድም ጋሼ ነበሩ።

“ጋሼ፣ ቫኗ ቆመችብኝ! ቁልፉን ድጋሚ ላዙረው?”

“ምን እንደ ሆነ አይተሽዋል?”

“ኧረ ምኑን አያለሁ! መንገድ ዘግቼ ነው ያለሁት፤ ሰዉ ሁሉ ጡሩንባ እየነፋብኝ ነው!”

“ይንፋ። ያላየሽውን አትቀስቅሺ። ቁልፉን ንቀይና ውረጂ።”

ስለ ሞተር የሚያውቁት እኔ የማውቀውን ያህል ነው፤ እርሱም ኮፈኑ በየት በኩል እንዳለ ነው። ምክሩ ከዕውቀት የመጣ አልነበረም፤ ከጠባይ ነው። ኋላ ግን መካኒኩ እንደ ነገረን፣ ቁልፉ አንድ ጊዜ እንኳ ቢዞር ኖሮ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ የተረፈውን ሁሉ ያደቅቀው ነበር።

መካኒኩን በሰፈራችን “ሐኪሙ” ይሉታል። እጁ የታወቀ፣ ሰው የማያጭበረብር፣ ቃሉ የሚታመን ባለሙያ ነው። ቫኗ ተጎትታ ጋራዡ ስትደርስ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ በባትሪ ወደ ውስጥ አየ፤ ቀና አለ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

“የታይሚንግ ካቴናው ተበጥሷል፣ እህቴ” አላት። “የሞተሩን የላይና የታች ክፍል እኩል የሚያስኬደው እሱ ነው። እሱ ሲበጠስ ላይ ያሉት፣ አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት ቫልቮላዎች ባሉበት ቆመው ይቀራሉ፤ ፒስተኖቹ ከታች እየመጡ ይመቷቸዋል። በናፍጣ ሞተር ደግሞ በመካከላቸው ክፍተት የሚባል ነገር የለም። ይሄ ሞተር አልቋል። ወይ ሌላ ሞተር ይገባል፣ ወይ ለብረት ገዢ ትሰጪዋለሽ።”

ሌላ ሞተር የማይታሰብ ነበር። ሆስፒታሉ ለጊዜው ዳቦ ከሌላ ቦታ እንደሚወስድ፣ ቫኗ ሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተመለሰች ግን በዚያው እንደሚቀጥል ነገራት። ብረት ገዢው ሐሙስ እመጣለሁ አለ። ልጄ ማታ ወደ እኛ ቤት መጥታ፣ እጅጌዋ ላይ የቀረውን ዱቄት በጥፍሯ እየፋቀች፣ “አባዬ፣ በቃኝ። ምድጃውን አጥፍቼ ወደ ድሮው የቢሮ ሥራዬ ልመለስ” አለችኝ።

እኔም እንደ ልማዴ አስተማርሁ። ባለሙያ ሲናገር መስማት የሥልጡን ሰው ምልክት እንደ ሆነ፣ ክፉ ዜናን በትዕግሥት መቀበልም የጨዋ ልጅ ባሕርይ እንደ ሆነ አስረዳኋት። በንግግሬ ውስጥ አንድም የተሰበረ ዐረፍተ ነገር አልነበረም። የተሰበረው የልጄ ልብ ነበር።

ወንድም ጋሼ ከጥግ ሆነው ሲሰሙ ቆዩና “ሐኪሙ አይቶታል?” አሉ።

“አይቶታል፣ ጋሼ።”

“ምኑን?”

“የተበጠሰውን ካቴና።”

“የታጠፈውን ቫልቮላስ?”

እርሳቸው ባርኔጣቸውን ፈለጉ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችንም ጋራዡ በር ላይ ነበርን። ሐኪሙ ከአንድ መኪና ሥር ወጥቶ በትሕትና ሰላም አለን።

“ልጄ፣ ሞተሩ ሞቷል ብለሃል አሉ” ሲሉ ወንድም ጋሼ ጀመሩ።

“ሞቷል፣ አባቴ። ነፍስ ይማር።”

“አይተኸዋል?”

“ምኑን?”

“ቫልቮላው መታጠፉን።”

“አባቴ፣ ስንት ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው። ካቴና ተበጠሰ ማለት ቫልቮላ ታጠፈ ማለት ነው።”

“እንግዲያው አላየኸውም።”

“ለማየት እኮ መፍታት ያስፈልጋል!”

“እኔስ መቼ አትፍታ አልኩህ?”

ጥግ ላይ ጎማ የሚለጥፍ ሰው ሣቁን መያዝ አቃተው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ “መምህር፣ እባክዎ ይገላግሉኝ” አለ።

“እኔም እስከ ዛሬ ገላጋይ አላገኘሁም” አልሁት።

ሐኪሙ የብሎን መፍቻ ቺያቤውን አነሣ። የሞተሩን የላይ ክዳን ፈትቶ ሲያነሣው፣ ቫልቮላዎቹን ተራ በተራ ከሚጫኑት ትንንሽ የብረት ክንዶች ብዙዎቹ ለሁለት ተሰብረው ታዩ። “አላልኩም?” አለ ሐኪሙ፤ ሐዘንና ድል በተቀላቀለበት ድምፅ።

“የተሰበረው ክንዱ ነው ወይስ ቫልቮላው?” አሉ አቶ አይተኸዋል።

ሐኪሙ ባትሪውን አቀረበ። “ክንዱ ነው” አለ። “እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ጊዜ ክንዱ ቀድሞ ይሰበርና ቫልቮላውን ያተርፈዋል። አንዳንድ ጊዜ።”

“ስንቱን አተረፈ?”

“እሱን እንኳ ማየት...” ብሎ ጀመረና ከራሱ አፍ የወጣውን ቃል ሰምቶ አቆመ። ልጄ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች።

ከዚያ ወዲያ ሐኪሙም እልህ ያዘው፤ ጥሩ ባለሙያ እልህ ሲይዘው ማየት ደግሞ ደስ ይላል። ከጎረቤት ጋራዥ የእርሳስ ውፍረት ያላት ካሜራ ተውሶ መጣ፤ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን እየነቀለ በቀዳዳዎቹ አስገባት። በካሜራዋ ትንሽ መስኮት ላይ የፒስተኖቹ ራስ ጥቀርሻ የለበሰ ሳህን መስሎ ታየ። በሦስተኛው ላይ የጥፍር ጭረት የሚያህል አንጸባራቂ ምልክት ነበረ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ቫልቮላ የነካው ነው፣ አባቴ።”

“ተበስቷል?”

“አልተበሳም። ተጫረ እንጂ።”

“እሱን ንገረኝ።”

የመጨረሻው ምርመራ በጆሮ የሚደረግ ነበር። ሐኪሙ ክንዶቹን፣ የተሰበሩትንም ደኅናዎቹንም፣ ሁሉንም አነሣ፤ የሚጫናቸው ሲጠፋ ቫልቮላዎቹ ሁሉ ተዘግተው ይቀመጣሉ። ከዚያ በየካንዴላው ቀዳዳ ከኮምፕሬሰሩ አየር ይሞላበታል። ያልታጠፈው አየሩን ይይዛል፤ የታጠፈው ያፈስሰዋል፤ የሚያፈስስበት ቦታም የትኛው እንደ ታጠፈ ይናገራል። ይህን ካስረዳን በኋላ በየቦታችን አሰለፈን። ልጄ በአየር ማስገቢያው ላይ፣ እኔ በዘይት መሙያው አፍ ላይ፣ አቶ አይተኸዋል ደግሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከኋላ በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታው አፍ ላይ ተንበርክከው ጆሮአችንን ጣልን። በዚያች ሰዓት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቢያልፍ ኖሮ ስለ እኔ ምን ይል እንደ ነበር አላውቅም።

“አንደኛው!” አለ ሐኪሙ፤ አየሩም ገባ። “መምህር?”

“ቀጭን ትንፋሽ ይሰማኛል” አልሁ።

“እሱ የጤናማ ሞተር ትንፋሽ ነው፤ አይደንግጡ። ከኋላስ?”

“ጸጥ ብሏል።”

ሁለተኛውም ጸጥ አለ። ሦስተኛው ላይ ከቫኗ ጀርባ ጩኸት ተሰማ፦ “ይተነፍሳል! ፊቴ ላይ ነው የሚተነፍስብኝ!” ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። አራተኛው ሲሞላ ማናችንም አልተነፈስንም። ሞተሩም አልተነፈሰም።

“አንዱ ብቻ ነው?” አለች ልጄ።

“አንዱ ብቻ ነው፣ እህቴ” አለ ሐኪሙ። “የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይወርዳል፤ የሦስተኛው ቫልቮላዎች ይቀየራሉ፤ አዲስ ክንድና አዲስ ካቴና ይገባል። ሞተሩ አልሞተም።” ከዚያ ከማርሚታው ሥር አቧራቸውን እያራገፉ ወደሚነሡት ሽማግሌ ዞሮ “አባቴ፣ ተሳስቻለሁ” አለ። ሰው በሥራ ቦታው፣ በሰው ፊት፣ ይህን ቃል ያለ ቅጥያ ሲናገር መስማት ብርቅ ነው። አከበርሁት።

እኔና ልጄ ተቃቀፍን። በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ድሉን ያጣጥማል። እርሳቸው ግን ለደስታ ዜናም የተለየ ፊት የላቸውም።

“የተሰባበረው ሁሉ የት ገባ?” አሉ።

ካቴናው ሲበጠስ፣ የሚንሸራተትበትን ረጅም የፕላስቲክ መሪ ሰባብሮት ነበር። ሐኪሙ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ አውርዶ፣ ከጥቁሩ ዘይት ውስጥ ስብርባሪውን በእጁ እየለቀመ አወጣ። አቶ አይተኸዋል ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ ዘረጉ። ጨርቁ የባለቤቴ የጠረጴዛ ልብስ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ እርሷ ግን ወዲያው ዐወቀች። ለመተኪያ የተገዛውን አዲሱን መሪ በአንድ ወገን አጋደሙት፤ ስብርባሪውንም በአጠገቡ፣ እንደ ተሰበረ ድስት፣ ገጣጥመው ደረደሩት። ሲጨርሱ በመካከሉ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ክፍት ቦታ ቀረ።

“ይቺስ?”

“ከዘይቱ ጋር ወጥታ ይሆናል፣ አባቴ። ኢምንት ነገር ናት።”

“ስትወጣ አይተሃታል?”

ሐኪሙ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። የተጣለውን ዘይት በወንፊት አጣራ፤ የለችም። ዙሪያውን በባትሪ ፈለገ፤ የለችም። በመጨረሻ ዘይቱን ወደ ሞተሩ የሚስበውን ቱቦ ፈትቶ ወደ ብርሃን አቀናና በአንድ ዓይኑ ተመለከተ። ከዚያም በካቻቢቴ ጫፍ አንዲት ጥቁር ቁራጭ ፈልቅቆ፣ መጥቶ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ በክፍቱ ቦታ አኖራት። ልክክ አለች።

“ይቺ እዚያው ብትቀር” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “መኪናዋ ትነሣ ነበር። ሁላችንም አጨብጭበን እንሸኛት ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ዘይቱ ይታፈንና፣ በሙሉ ጭነት ስትሄድ፣ ሞተሩ መንገድ ላይ ነክሶ ይቆምባታል። ያን ጊዜ እኔም አላድነውም።”

ልጄ የአጎቷን እጅ፣ ከነዘይቱ፣ ይዛ ሳመች። እርሳቸው ቁራጯን ከጨርቁ ላይ አንሥተው መልሰው እያገላበጡ ያዩ ነበር።

ሐሙስ ብረት ገዢው መጣ። አቶ አይተኸዋል ጋራዡ በር ላይ ቆመው “የሞተ ሞተር አይተሃል?” አሉት። “ገና አላየሁም” ሲላቸው “እንግዲያው የለም” ብለው መለሱት።

በእነዚያ የጥገና ቀናት ስለ እኚህ ሰው ብዙ አሰብሁ። መጠራጠር የፍቅር ተቃራኒ ነው ብዬ አስተምሬ እንደሆነ ትዝ አይለኝም፤ ሳላስተምረው ግን አምኜበት ኖሬአለሁ። እርሳቸው የክፍሌ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት እህታቸውን ስለሚወዱ ነው። ሞተ የተባለ ሰው ቤት የደወሉት ወዳጃቸውን ለመቅበር ስላልቸኮሉ ነው። እኛ፣ ክፉውን ዜና በጨዋነት የምንቀበል ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ የምንቀበለው ደክሞን ነው። እርሳቸው ስለማይደክማቸው አመሰግናቸዋለሁ።

ሁለቱ ሳምንታት ሳያልቁ ቫኗ ተነሣች። ሐኪሙ ቁልፉን ለልጄ ሰጣት፤ ሞተሩ እንደ ድሮው ተንደቀደቀ፤ ጎማ ለጣፊው እንኳ ሥራውን ጥሎ አጨበጨበ። ወንድም ጋሼ አላጨበጨቡም። በማግስቱ ማለዳ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ዳቦው ሲጫን ደርሰው ከሹፌሯ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። “ጭነት ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ ልየው” አሉ። ልጄም ይዛቸው ሄደች።

ቀኑን ሙሉ አልተመለሱም። እኔ መጽሐፍ ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥሁ፤ አንድ ገጽ ብዙ ጊዜ አነበብሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቫኗ በመንገዱ ጫፍ ብቅ አለች፤ እየተንደቀደቀች መጥታ በራችን ላይ ቆመች። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ሰው በር ላይ ሞተር አስነሥቶ ሲቆም የማልወድ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ተነሥቼ ሄድሁ። ልጄ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አኖረች።

“ሆስፒታሉ ከነገ ጀምሮ በየቀኑ አምጪ ብሎኛል” አለች በሹክሹክታ። ከዚያም በዓይኗ ወደ ጎን ጠቆመችኝ። ወንድም ጋሼ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ወድቆ፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ጭንቅላታቸው በመስታወቱ ላይ ተደግፎ ተኝተዋል። “ሁለተኛውን ዳገት ስንወጣ ነው የወሰዳቸው። ሞተሩን ካጠፋሁት ይነቃሉ።”

“አታጥፊው” አልሁ።

ናፍጣው እየነደደ፣ ጭሱ በአበቦቼ ላይ እየተበተነ፣ አባትና ልጅ ጸጥ ብለን ቆምን። ባለቤቴ ድምፁ ሲበዛባት በሩን ከፍታ ወጣች።

“ምን ሆናችሁ ነው? ለምን አታጠፉትም?”

“ቀስ በይ፤ ወንድምሽ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።”

“ወንድም ጋሼ? አላምንም” አለች፤ በእግሯ ጣቶች እየተራመደችም ሄዳ በመስታወቱ አየች። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሳ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች፤ እኔም የቫኗን በር፣ ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጄ ደግፌ፣ በቀስታ ከፈትሁላት።